የኤስኤስኤች ቁልፍ ፋይል ባለቤቱ ማን ይሁን?

ጥያቄው፦ «ኡቡንቱ 24.04 ሰርቨር ላይ "ሳይት" የሚባል ተጠቃሚ አለን። ዌብሳይቱ የሚሠራው በእሱ ስም ነው፤ ሁለት ባልደረቦቼም በኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ሰርቨር መግቢያ) ቁልፍ የሚገቡት በእሱ ነው። ዌብሳይቱ ቢጠለፍ ጠላፊው የራሱን ቁልፍ እንዳይጨምርበት ብዬ የተፈቀዱ ቁልፎች የሚዘረዘሩበትን የኦቶራይዝድ_ኪስ ፋይል ባለቤትነት ለሩት (ለሰርቨሩ የበላይ አስተዳዳሪ) አዛወርኩና ሞዱን 600 አደረግሁት። ከዚያ ወዲያ ማንም መግባት አልቻለም፤ "ፐርሚሽን ዲናይድ" ይላል። ባለቤትነቱን ለሳይት ስመልስ ይሠራል። ፋይሉ የሩት መሆን አይችልም ማለት ነው? ትክክለኛው አሠራርስ የቱ ነው?»

ምላሽ፦ ፋይሉ የሩት መሆን ይችላል። በሩን የዘጋብዎት 600 የምትለዋ ቁጥር ናት፤ 600 ማለት ባለቤቱ ብቻ ያነባል፣ ይጽፋል፣ 644 ደግሞ ባለቤቱ ይጽፋል፣ ሌላው ሁሉ ያነባል ማለት ነው። 644 ቢያደርጉት ሁለቱም ባልደረቦችዎ ወዲያው ይገባሉ። እዚያ ላይ ካቆሙ ግን የፈሩት ጠላፊም እንደልቡ ነው። ፋይልን ከመተካት የሚጠብቀው የተቀመጠበት ፎልደር ነው፤ የፋይሉ ባለቤት ሩት መሆኑ ብቻውን ቤቱን ከፍቶ ሳጥን መቆለፍ ነው። ሁለቱን ነገሮች ለየብቻ እንያቸው፤ መጀመሪያ ለምን እንደተዘጋ፣ ቀጥሎ እንዴት በእውነት እንደሚጠበቅ። ትዕዛዞችንና የፋይል ስሞችን እንደሚነበቡ በእኛ ፊደል ጽፌያቸዋለሁ፤ ሲተይቡ በተለመደው የላቲን ፊደል ነው።

ለምን ተዘጋ

ኤስኤስኤች-ዲ፣ ማለትም ሰርቨሩ ላይ ሆኖ ገቢውን የሚቀበለው ፕሮግራም፣ የሚሠራው በሩት ሥልጣን ነው። የቁልፍ ፋይሉን ሊያነብ ሲል ግን ሥልጣኑን ለጊዜው አውልቆ የገቢውን ተጠቃሚ ማንነት ይለብሳል። ሳይት ልግባ ካለ ፋይሉ የሚከፈተው በሳይት ስም ነው። የሩት የሆነና 600 የተባለ ፋይል ሲገጥመው ሳይት ማንበብ ስለማይችል እሱም ማንበብ አይችልም። ቁልፉ እንደሌለ ተቆጥሮ ይታለፋል፤ ገቢው የሚያየው ያው «ፐርሚሽን ዲናይድ» ብቻ ነው። ሰርቨሩ ሎግ ላይ «ኩድ ኖት ኦፕን» የሚል መስመር ሊኖር ይችላል፤ አንዳንድ ቨርዥን ላይ ግን ሎግ ሌቭሉን ወደ ዲበግ ካላሳደጉት አይታይም። በሱዶ (በሩት ሥልጣን) ኤምኬዲር የተፈጠረና 700 የሆነ፣ ማለትም ለባለቤቱ ብቻ ክፍት የሆነ .ኤስኤስኤች (የቁልፍ ፋይሉ የሚቀመጥበት) ፎልደርም እንዲሁ ያደርጋል፤ ሳይት ወደ ፎልደሩ መግባት ካልቻለ ውስጡ ያለው ፋይል 644 መሆኑ ምንም አይረዳም።

ማንበብ ከተቻለ ሁለተኛ ምርመራ ይከተላል። ስትሪክት_ሞድስ የሚባለው ይህ ነው (ኮንፊግ ላይ ሲጻፍ ያለ ሰረዝ አንድ ቃል ሆኖ ነው)፤ ሆን ብለው ካላጠፉት በስተቀር ሁልጊዜ በርቷል። የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ባለቤቱ ተጠቃሚው ራሱ ወይም ሩት ነው? ከባለቤቱ ውጭ ግሩፑ ወይም ሌላው ሰው መጻፍ ይችላል? የመጀመሪያው መልስ «አይደለም» ከሆነ ወይም የሁለተኛው «አዎ» ከሆነ ፋይሉ ይጣላል። ፋይሉን ብቻ መርምሮም አይተወውም። ከፋይሉ ተነስቶ ፎልደር በፎልደር ወደ ላይ እየወጣ እስከ ሆም (የተጠቃሚው የግል ፎልደር) ድረስ ያንኑ ይጠይቃል። ፋይሉ ከሆም ውጭ ከተቀመጠ የሚወጣው እስከ ሥሩ፣ እስከ / ድረስ ነው። መንገዱ ላይ ሲምሊንክ (ወደ ሌላ ቦታ የሚጠቁም አቋራጭ) ካለ አስቀድሞ ወደ እውነተኛው ቦታ ስለሚፈታው ሲምሊንክ ማምለጫ አይሆንም።

ብዙ መመሪያ ላይ «ፎልደሩ 700፣ ፋይሉ 600 መሆን አለበት» ተብሎ ይጻፋል። ጥሩ ምክር ነው፣ ግዴታ ግን አይደለም። ፕሮግራሙ ከሞዱ የሚያየው የመጻፍ ፈቃድን ብቻ ነው። ሆም 755 ቢሆን ያልፋል፣ 775 ቢሆን አያልፍም (መካከለኛዋ 7 ለግሩፑ መጻፍን ትፈቅዳለች)። ፋይሉ 644 ቢሆን ያልፋል፣ 664 ቢሆን አያልፍም።

እዚህ ላይ ኡቡንቱና ደቢያን ከሌሎቹ የሊኑክስ ዓይነቶች ይለያሉ። እነሱ በሚያሰራጩት ኦፕንኤስኤስኤች ላይ የራሳቸው ማሻሻያ አለ፦ ግሩፑ መጻፍ ቢችልም፣ ግሩፑ ውስጥ ከባለቤቱ በቀር ሌላ ሰው ከሌለ ያሳልፋሉ። ያው 664 ፋይል ኡቡንቱ ላይ ሠርቶ ሮኪ ሊኑክስ ላይ የሚከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። ኡቡንቱ ላይም ወራት ሲሠራ ቆይቶ አንድ ቀን ይቆማል፤ ያን ቀን አንድ ሰው ለፋይል አፕሎድ ብሎ የዌብ ሰርቨሩን ተጠቃሚ ዳብሊው-ዳታን ወደ ሳይት ግሩፕ አስገብቷል (ትክክለኛ ስሙ ሦስት ዳብሊው፣ ሰረዝ፣ ዳታ ነው፤ ለማሳጠር እንዲህ እጠራዋለሁ)። የቁልፍ ፋይሉን የነካ ስለሌለ ምክንያቱን ፍለጋ ብዙ ሰዓት ይባክናል።

ስትሪክት_ሞድስን «ኖ» አድርጉት የሚል ምክር ካገኙ አይቀበሉ። ችግሩ ይጠፋ ይመስላል፤ የጠፋው ግን ጠቋሚው ነው። ሌላ ተጠቃሚ ሊጽፍበት የሚችል የቁልፍ ፋይል ካለ፣ ያ ሌላ ተጠቃሚ በዚህኛው ስም መግባት ይችላል ማለት ነው።

የት ላይ እንደተሰበረ ማየት

ከመገመት በፊት ሎጉን ያንብቡ። ኡቡንቱና ደቢያን ላይ /ቫር/ሎግ/ኦዝ.ሎግ፣ ሮኪና ሬድሃት ላይ /ቫር/ሎግ/ሴክዩር ነው፤ በጆርናል-ሲቲኤልም ይታያል። «ኦተንቲኬሽን ሪፊዩዝድ፦ ባድ ኦነርሺፕ ኦር ሞድስ ፎር ዳይሬክተሪ /ሆም/ሳይት» የሚል መስመር ካገኙ ጉዳዩ ከሞላ ጎደል አልቋል፤ ጥፋተኛውን በስሙ ጠርቶልዎታል። «ዳይሬክተሪ» ካለ ፎልደር ነው፣ «ፋይል» ካለ ራሱ የቁልፍ ፋይሉ ነው። ሰዎች ይህን መስመር እያዩ እንኳ ሄደው የቁልፍ ፋይሉን 600 ሲያደርጉ ይውላሉ፤ የተበላሸው ግን ሆም ነው።

ሙሉውን መንገድ በአንድ ጊዜ የሚያሳይ ትዕዛዝ አለ፦

ኔምአይ -ኤል /ሆም/ሳይት/.ኤስኤስኤች/ኦቶራይዝድ_ኪስ

ከ/ ጀምሮ እስከ ፋይሉ ድረስ ያለውን እያንዳንዱን ደረጃ ከነሞዱ፣ ከነባለቤቱና ከነግሩፑ በተርታ ይዘረዝራል። ከላይ ወደ ታች ሲያዩ ከሩትና ከሳይት ሌላ ስም የያዘ መስመር ካለ እሱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ዳብሊው-ዳታ ነው፤ ዌብሳይቱ ፋይል መጻፍ እንቢ ሲል አንድ ሰው ባለቤት የሚቀይረውን ሲኤች-ኦውንን ከትልቁ አር ጋር ሙሉ ሆሙ ላይ ለቆታል። መልሱ ሆሙንና .ኤስኤስኤችን ወደ ሳይት መመለስ፣ ለዌብሳይቱ ደግሞ የሚጽፍበትን ንዑስ ፎልደር ብቻ መስጠት ነው።

በስም ፋንታ ቁጥር ከታየ፣ ለምሳሌ 1003፣ ሰርቨሩ ያን ቁጥር የያዘ ተጠቃሚ የለውም። ከድሮ ሰርቨር ባክአፕ ሲመለስ ይህ የተለመደ ነው። ከርነሉም ኤስኤስኤች-ዲም የሚያወዳድሩት ቁጥሮችን ነው፤ ስም ለእኛ ለንባብ የተለጠፈ ነገር ነው። የባሰው ደግሞ ቁጥሩ የሌላ ሰው ሆኖ ሲገኝ ነው፦ ድሮ የሳይት የነበረው 1001 አዲሱ ሰርቨር ላይ የሌላ ሠራተኛ ከሆነ፣ ያ ሠራተኛ የሳይት ፋይሎች ባለቤት ሆኗል። ዶከር (ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል በየራሳቸው ሣጥን የሚያስኬድ መሣሪያ) ላይም ኮንቴይነር ውስጥ ያለ ፕሮግራም ከሆም የተጋራ ፎልደር ላይ ባለቤትነት ሲቀይር ውጭ የሚታየው ቁጥሩ ነው፤ ደቢያን ላይ የተመሠረተ ኮንቴይነር ከሆነ 33 ብቅ ይላል፣ የዳብሊው-ዳታ ቁጥር ነውና።

ከሞዱ ቀጥሎ የመደመር ምልክት ካዩ (ይህን የሚያሳየው ኤልኤስ -ኤል ነው) ፎልደሩ ላይ ኤሲኤል፣ ማለትም ለተወሰኑ ተጠቃሚዎች ተጨማሪ ፈቃድ የሚሰጥ ዝርዝር አለ። ኤሲኤል ሲኖር በግሩፕ ቦታ ላይ የሚታዩት ሦስት ፊደላት የግሩፑ ፈቃድ አይደሉም፤ ማስክ የሚባለው ጣሪያ ናቸው። አንድ ሰው ለዲፕሎይ ተጠቃሚ ሆሙ ላይ የመጻፍ ፈቃድ በሴት-ኤፍኤሲኤል ሲሰጥ ማስኩ አብሮ ይከፈታል፤ ኤስኤስኤች-ዲም «ግሩፑ መጻፍ ይችላል» ብሎ ያነበዋል። ሮኪ ላይ ወዲያው ይከለክላል። ኡቡንቱ ላይ ግሩፑ ባዶ ከሆነ ሊያሳልፈው ይችላል፤ ይኼኛው ይበልጥ ያሳስባል፣ ምርመራው የኤሲኤል ዝርዝሩን ስለማያነብ ሌላ ሰው በእውነት እየጻፈ በሩ ክፍት ሆኖ ይቀጥላል። ጌት-ኤፍኤሲኤል ብለው ዝርዝሩን አይተው፣ አላስፈላጊ ከሆነ በሴት-ኤፍኤሲኤል -ቢ ያጽዱት።

ሁሉም ትክክል ሆኖ ሮኪ ወይም ሬድሃት ላይ እንቢ ካለ ኤስኢሊኑክስን፣ ማለትም በፋይሎች ላይ በሚለጠፍ መለያ የሚሠራውን ተጨማሪ ጥበቃ ይጠርጥሩ። ከሌላ ቦታ በኤምቪ የመጣ ፋይል የድሮ መለያውን ይዞ ይመጣል። ሬስቶርኮን -አርቪ ብለው .ኤስኤስኤች ፎልደሩ ላይ ማስኬድ ብዙ ጊዜ በቂ ነው። ሆሞቹን ወደ ሌላ ዲስክ፣ ለምሳሌ ወደ /ኤስአርቪ/ሆም ያዛወረ ሰው ግን አስቀድሞ በሴማኔጅ ኤፍኮንቴክስት አዲሱ ቦታ እንደ /ሆም እንዲቆጠር መናገር አለበት፤ አለዚያ ሬስቶርኮን ራሱ የተሳሳተውን መለያ ይለጥፋል።

644 ለምን አይበቃም

ፋይሉ የሩት፣ ሞዱ 644፣ .ኤስኤስኤች ግን የሳይት ነው እንበል። ጠላፊው በዌብሳይቱ ቀዳዳ ገብቶ የሳይትን ሥልጣን ይዟል። ፋይሉን ከፍቶ መጻፍ አይችልም፣ እውነት ነው። መጻፍ ግን አያስፈልገውም፦

አርኤም -ኤፍ .ኤስኤስኤች/ኦቶራይዝድ_ኪስ

ይጠፋል። ሊኑክስ ላይ ፋይልን መሰረዝና ስም መቀየር ፎልደሩ ላይ የሚደረግ ለውጥ ነው፤ የሚጠየቀው የፎልደሩ ፈቃድ እንጂ የፋይሉ ባለቤት አይደለም። ከዚያ የራሱን ቁልፍ ጽፎ በዚያው ስም አዲስ ፋይል ይፈጥራል። ባለቤቱ ሳይት ስለሆነ ስትሪክት_ሞድስ ቅር አይለውም።

እሺ፣ .ኤስኤስኤችንም ለሩት ብንሰጠውስ? ያኔ ፋይሉን መሰረዝ አይችልም። ሆኖም ሆሙ የሳይት ነው፤ .ኤስኤስኤች የሚባለው ስም የተቀመጠው ሆሙ ውስጥ ነው፦

ኤምቪ .ኤስኤስኤች .አሮጌ
ኤምኬዲር .ኤስኤስኤች

የሩት ፎልደር ከነፋይሉ ስሙ ተቀይሮ ጎን ላይ ተቀመጠ፤ በቦታው አዲስ ፎልደር ቆመ። ስቲኪ ቢትም (ሰው የሌላውን ፋይል እንዳይሰርዝ የሚያግደው ምልክት) ሆሙ ላይ ቢያደርጉ አያድንም፣ የፎልደሩን ባለቤት አያስርምና።

ስለዚህ ሆሙ የተጠቃሚው እስከሆነ ድረስ፣ በሆም ውስጥ ያለ ማንኛውም የቁልፍ ፋይል በባለቤትነትና በሞድ ብቻ ከተጠቃሚው እጅ አይወጣም። ሁለት መንገድ ይቀራል፤ ፋይሉን ከሆም ማውጣት ወይም በኢሚውቴብል (እንዳይለወጥ በሚያግድ) ምልክት ማሰር።

ፋይሉን ከሆም ማውጣት

እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። ከመጀመርዎ በፊት በሱዶ የሚገቡበትን ተርሚናል ክፍት ያድርጉና ሥራው እስኪያልቅ አይዝጉት። ሰርቨሩ የተከራዩት ከሆነ የአከራዩ ድረ ገጽ ላይ ያለው ኮንሶል የሚሠራ መሆኑንም አስቀድመው ይሞክሩ።

አሁን ያለውን ፋይል እንዳለ አይገልብጡ፤ መጀመሪያ ያንብቡት። ኤስኤስኤች-ኪጄን -ኤልኤፍ ብለው ፋይሉን ቢሰጡት የእያንዳንዱን ቁልፍ አሻራ በአንድ መስመር ያወጣል። ባልደረቦችዎ በየራሳቸው ኮምፒውተር ያንኑ አድርገው አሻራቸውን በስልክ ያንብቡልዎት። መስመሩ ጫፍ ላይ ያለውን ስም ብቻ አይመኑ፤ ማንም የፈለገውን የሚጽፍበት ማስታወሻ ነው። ባለቤቱ ያልታወቀ ቁልፍ ካለ እዚሁ ይውጣ። የጠላፊን ቁልፍ ወደ ሩት ፎልደር ካሻገሩት እሱንም አብረው ጠበቁለት ማለት ነው።

ከዚያ ፎልደሩንና ፋይሉን ይፍጠሩ፦

ሱዶ ኢንስቶል -ዲ -ኦ ሩት -ጂ ሩት -ኤም 755 /ኢቲሲ/ኤስኤስኤች/ኪስ
ሱዶ ኢንስቶል -ኦ ሩት -ጂ ሳይት -ኤም 640 /ሆም/ሳይት/.ኤስኤስኤች/ኦቶራይዝድ_ኪስ /ኢቲሲ/ኤስኤስኤች/ኪስ/ሳይት

ኢንስቶል ባለቤቱን፣ ግሩፑንና ሞዱን አንድ ላይ ስለሚያስቀምጥ ሲፒ፣ ሲኤች-ኦውን፣ ሲኤች-ሞድ እያሉ አንዱን ከመርሳት ያድናል። 640 ላይ ግሩፑ ሳይት የሆነው ኤስኤስኤች-ዲ በሳይት ማንነት ስለሚያነብ ነው፤ ግሩፑን ሩት ብለው ቢተዉት ተመልሰው የጥያቄዎ 600 ውስጥ ይገባሉ። 644 ከሩት ግሩፕ ጋርም ይሠራል። ፐብሊክ ኪ፣ ማለትም ሰርቨሩ ላይ የሚቀመጠው የቁልፉ ክፍል፣ ምስጢር አይደለም፤ 640 የሚጨምረው ሌሎች ተጠቃሚዎች የሰዎቹን ስምና የተፈቀደላቸውን አይፒ እንዳያዩ ማድረጉን ብቻ ነው።

የፋይሉ ስም ያለ ቅጥያ ልክ የተጠቃሚው ስም ነው። ኮንፊጉ ላይ /ኢቲሲ/ኤስኤስኤች/ኤስኤስኤች-ዲ_ኮንፊግ.ዲ ፎልደር ውስጥ 10 ብሎ በሚጀምርና .ኮንፍ ብሎ በሚያልቅ አዲስ ፋይል ይህን አንድ መስመር ይጻፉ፦

ኦቶራይዝድኪስፋይል /ኢቲሲ/ኤስኤስኤች/ኪስ/%ዩ

መጨረሻ ላይ ያለችው ዩ ትንሿ ናት፤ በገቢው ስም ትተካለች። ኡቡንቱ ላይ ይህ ፎልደር የሚነበበው ከዋናው ኮንፊግ በፊት ነው፤ ኤስኤስኤች-ዲ ደግሞ አንድ ቅንብር ሁለት ቦታ ከተጻፈ የሚወስደው መጀመሪያ ያገኘውን ነው። ስሙን በ10 ያስጀመርነው ከሌሎቹ እንዲቀድም ነው። በዚህ መስመር ላይ ከጎኑ .ኤስኤስኤች/ኦቶራይዝድ_ኪስንም «ለማንኛውም» ብለው አይጨምሩ። ሁለቱም ይነበባሉ፤ ጥበቃው ያኔውኑ ዜሮ ይሆናል።

ትልቁ አደጋ እዚህ ነው፦ ይህ መስመር የሚሠራው ለሁሉም ተጠቃሚ ነው። የእርስዎ የራስዎ አካውንትና በቁልፍ የሚገባ ሩት ካለ እሱም /ኢቲሲ/ኤስኤስኤች/ኪስ ውስጥ ፋይል ሊኖራቸው ይገባል፤ ከሌላቸው ሪሎድ (ኮንፊጉን እንደገና አንብብ) እንዳሉ ከደጅ ይቀራሉ። «ማች ዩዘር ሳይት» በሚል ብሎክ ሥር አስገብቶ ለሳይት ብቻ ማድረግም ይቻላል። እኔ ግን ለሁሉም የሚለውን እመክራለሁ። ነገ የሚፈጠር አዲስ ተጠቃሚ ቢረሳ መግባት አይችልም፤ ይጮሃል፤ ይስተካከላል። በማች ሲሆን ግን የተረሳው ክፍት ሆኖ ዝም ይላል።

አሁን ምርመራ፦

ሱዶ ኤስኤስኤች-ዲ -ቲ

በትንሿ ቲ የፊደል ግድፈት ካለ ይናገራል፤ ዝም ካለ ደህና ነው። በትልቋ ቲ ደግሞ፣ ከ«-ሲ ዩዘር=ሳይት,ሆስት=ሎካልሆስት,አድር=127.0.0.1» (ሲዋም ትልቋ ናት) ጋር ቢያስኬዱት ለሳይት በእርግጥ የሚሠራውን ሙሉ ቅንብር ይዘረግፋል። ከውስጡ የኦቶራይዝድኪስፋይል መስመር የጻፉትን ብቻ ማሳየቱን ይዩ። ከዚያ ሱዶ ሲስተም-ሲቲኤል ሪሎድ ኤስኤስኤች፤ ሮኪ ላይ የአገልግሎቱ ስም ኤስኤስኤች-ዲ ነው። የተከፈቱ ግንኙነቶች አይቋረጡም።

በአዲስ ተርሚናል ገብተው መሥራቱን ካዩ በኋላ አለመሥራቱንም ይሞክሩ፤ ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። አዲስ የሙከራ ቁልፍ ይፍጠሩ፣ ሆን ብለው ሆም ውስጥ ባለው በድሮው ፋይል ላይ ይጨምሩት፣ በ«-ኦ አይደንቲቲስኦንሊ=የስ -አይ» ያንን ቁልፍ ብቻ ሰጥተው ለመግባት ይሞክሩ። ከገባ አንድ ቦታ ላይ የድሮው መንገድ ተርፏል። ካልገባ የድሮውን ፋይል ያንሱት። ባልደረቦችዎንም ያስጠንቅቁ፦ ኤስኤስኤች-ኮፒ-አይዲ ከእንግዲህም ሆም ውስጥ ይጽፋል፣ «አንድ ቁልፍ ተጨምሯል» ብሎም በኩራት ይናገራል፤ ቁልፉ ግን አይሠራም።

ኢሚውቴብል ምልክት

ኮንፊጉን መንካት የማይቻልበት ቦታ ላይ ሲኤች-አትር +አይ አለ። ይህ ምልክት ያለበትን ፋይል ሩት ምልክቱን በ-አይ ካላነሳ በስተቀር ማንም አይጽፍበትም፣ አይሰርዘውም፣ ስሙን አይቀይረውም። ስህተቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ሰዎች ፋይሉን ብቻ ያስሩና .ኤስኤስኤችን ይተዉታል፤ ከላይ ያየነው የኤምቪ ዘዴ ያኔም ይሠራል። ፋይሉም ፎልደሩም መታሰር አለባቸው። ፎልደሩ ሲታሰር ደግሞ ኖውን_ሆስትስ የሚባለው ፋይል አዲስ መፈጠር ስለማይችል፣ ከዚህ ሰርቨር ወደ ሌላ በኤስኤስኤች ወይም በጊት የሚሄድ ሥራ ቅሬታ ያሰማል፤ ከማሰርዎ በፊት ፋይሉ መኖሩን ያረጋግጡ። ከወራት በኋላ የሚመጣ ሌላ አስተዳዳሪም ሩት ሆኖ ሳለ ፋይሉን ማረም አቅቶት ዲስኩ የተበላሸ ይመስለዋል። ኤልኤስ-አትር ካላለ ምልክቱ አይታየውም።

ይህ ሁሉ ምን ይከላከላል፣ ምን አይከላከልም

ጥሩ ማሳያው ሬዲስ የተባለው የዳታ ማከማቻ ፕሮግራም ነው። በ2015 የሬዲስ ደራሲ ሳልቫቶሬ ሳንፊሊፖ ራሱ እንዳሳየው፣ ያለ ይለፍ ቃል ለኢንተርኔት የተከፈተ ሬዲስ ካለ አጥቂው ፐብሊክ ኪውን እንደ ተራ ዳታ ያስገባል፤ ቀጥሎ የዳታ ማስቀመጫ ፎልደሩን ወደ .ኤስኤስኤች፣ የፋይሉን ስም ወደ ኦቶራይዝድ_ኪስ ቀይሮ «ሴቭ» ይላል። የሚጻፈው ፋይል በአብዛኛው ለኤስኤስኤች ትርጉም የሌለው ነገር ነው፤ ኤስኤስኤች-ዲ ግን የማይገባውን መስመር እየዘለለ ቁልፉ ያለበትን ያነባል። ሼል ሳያገኝ፣ ፋይል በመጻፍ ብቻ ገባ። የዌብሳይት አፕሎድ ቀዳዳም እንዲሁ ነው። የቁልፍ ቦታው የሩት ከሆነና ፕሮግራሙ ሩት ሆኖ ካልሠራ ይህ መንገድ ይደርቃል።

ሳይት ያለ ይለፍ ቃል ሱዶ ማለት ከቻለ ግን ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። ሱዶ -ኤል -ዩ ሳይት (ዩዋ ትልቋ ናት) ብለው ይዩ። ጠላፊው የሳይትን ሥልጣን ከያዘ በክሮንታብ (በሰዓታቸው በሚነሱ ትዕዛዞች) ወይም በ.ባሽአርሲ (ሼል ሲከፈት በሚነበብ ፋይል) ራሱን ማቆየት እንደሚችልም አይርሱ። በኮማንድ= ወይም በሪስትሪክት ገደብ የተደረገባቸው ቁልፎች ካሉዎት ደግሞ ገደቡ የሚጸናው ተጠቃሚው ፋይሉን መለወጥ ካልቻለ ብቻ ነው፤ ለባክአፕ ቁልፎች ባለቤትነቱን ለሩት መስጠት ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው እዚያ ነው።

እንዲያውም የጥያቄዎ ሥር ሌላ ቦታ ነው። ሁለት ሰዎችና አንድ ዌብሳይት በአንድ ስም እየኖሩ ነው። ለእያንዳንዱ ባልደረባ የራሱን አካውንት ይስጡ፣ ሳይትን መግቢያ የሌለው የፕሮግራም ተጠቃሚ ያድርጉት፣ ሎጉም ማን እንደገባ በስም ይነግርዎታል። ያኔ /ኢቲሲ/ኤስኤስኤች/ኪስ ውስጥ ሳይት የሚባል ፋይል አያስፈልግም።

ሌሎቹ ቁልፎች

የሰርቨሩ የራሱ ፕራይቬት (ምስጢራዊ) ኪዎች፣ /ኢቲሲ/ኤስኤስኤች ውስጥ ኤስኤስኤች_ሆስት ብለው የሚጀምሩትና .ፐብ የሌላቸው፣ ኡቡንቱ ላይ የሩትና 600 ናቸው። /ኢቲሲ ላይ ሲኤች-ሞድ 777ን ከትልቁ አር ጋር የለቀቀ ሰው ሰርቨሩን ሪስታርት ሲያደርግ «ኖ ሆስትኪስ አቬይለብል» ብሎ ይቆምበታል። እነዚያን ብቻ 600 ማድረግ ፕሮግራሙን ያስነሳዋል፤ ይሁንና ቁልፉ ለሁሉም ተነብቦ ስለቆየ አዲስ ማመንጨት ይሻላል።

የባልደረቦችዎ ፕራይቬት ኪ ላፕቶፓቸው ላይ 600 ይሁን። 644 ከሆነ ኤስኤስኤች «አንፕሮቴክትድ ፕራይቬት ኪ ፋይል» ብሎ አይጠቀምበትም። ፍላሽ ዲስክ ላይ ያለ ቁልፍ ሲኤች-ሞድ አልቀበልም የሚለው ፋት የተባለው ፎርማት የሊኑክስ ፈቃድ ስለማይይዝ ነው፤ ወደ ሆም ገልብጠው ይጠቀሙ።

አንድ ሰው ሥራ ሲለቅ መስመሩን ከ/ኢቲሲ/ኤስኤስኤች/ኪስ መሰረዝ የሚከለክለው የሚቀጥለውን መግባት ነው፤ የተከፈተ ግንኙነት ካለው አይቋረጥም። ሁ ብለው ማን እንዳለ ይዩ፣ የእሱ የሆነውን ሂደት በፒኪል -ዩ ያቋርጡ። በጋራ ስም ገብቶ ከሆነ የቱ የእሱ እንደሆነ ለመለየት ሎጉ ላይ «አክሴፕትድ ፐብሊክኪ» ከሚለው መስመር ጫፍ ያለውን አሻራ ፋይሉ ውስጥ ካለው ጋር ማስተያየት ይኖርብዎታል።